ስም የማይጠራበት ጠረጴዛሽ

ታዱዬ፣

ከሄድሽ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደኅና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ከእኛ የተሻለ ቦታ እንዳለሽ የጸሎት ቡድንሽ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ያረጋግጡልኛል። አረጋግጠው ሲያበቁ ሻይ ይጠጣሉ፤ ስኳር እንዳበዛሁበት ለእኔም ለጌታም ይነግራሉ። የባኞ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ይንጠባጠባል። መነጽርሽ ፍሪጁ ላይ እንዳስቀመጥሽው ነው። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ፤ ድስቱ ግን ገና አልተስማማም።

የምጽፍልሽ ስለ ቧንቧ አይደለም። ተጸይፌ ነው። ይሄን ስሜት የምነግረው ሌላ ሰው ደግሞ የለኝም።

የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጥግ የነበረችው የመጽሐፍ መጠገኛ ጠረጴዛሽ ትዝ ትለኛለች። ወስፌው፣ የኮላው ቆርቆሮ፣ ከአየር ጤናው ጫማ ሰፊ የምታመጪው ቀይ ክር። ጠዋት በር ላይ ቆመሽ ተማሪዎቹ ሲገቡ ታዪያቸው ነበር። ፊቷ የጠቆረባትን ትጠሪና «ነይ እስቲ፣ ይቺን መጽሐፍ ያዥልኝ» ትያታለሽ። በቃ። ምን ሆንሽ አትያትም። እሷ ገጹን ትይዛለች፣ አንቺ ትሰፊያለሽ። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሲደረስ አፏ ይፈታል። ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ «ምክር ተሰጠኝ» ያለ ተማሪ አላጋጠመኝም። መጽሐፍ ጠገንን ነው የሚሉት። «ማዘር» ይሉሽ ነበር፤ ስምሽ እንኳ ሳይያዝ።

እራት ላይ ትነግሪኛለሽ። «ዛሬ አንዲት ልጅ እናቷ እንደታመመች ነገረችኝ» ትያለሽ። ማን ናት ስልሽ፣ «አንዲት ልጅ» ነው መልሱ። አኩርፌሽ አውቃለሁ። ባልሽ አይደለሁም ወይ፣ የማስተምራቸውስ እኔ አይደለሁም ወይ እያልኩ። «እንድታውቅ ብትፈልግ ለአንተው ትነግርህ ነበር» ብለሽ ወጥ ጨመርሽልኝ።

አሁን ጥጉ ማዕከል ሆኗል። «የተማሪዎች ሁለንተናዊ ደኅንነትና የሥነ ልቦና ድጋፍ ማዕከል» ይባላል። ስሙ ከክፍሉ ይረዝማል፤ ታፔላው በሩ ላይ አልበቃ ብሎ ወደ ሽንት ቤቱ አቅጣጫ ተርፏል። ሶፋ ገብቷል፤ ለእንግዳ እንዲያብረቀርቅ ላስቲኩ አልተነሣለትም። ግድግዳው ላይ «ይናገሩ፤ ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው» የሚል ተለጥፏል። እውነት ነው፣ የሚገባ ስለሌለ የሚወጣም የለም። ቁልፉ ዩኒት ሊደራችን ኪስ ውስጥ ነው፤ አርፋጅ የሚያባርረውና ፀጉር የሚያስቆርጠው ሰውዬ እሱ ነው። የልብ ጉዳይም ለእሱ ተሰጠው።

የምረቃው ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ተቆረጠ። ቦታ እንዲለቅ ተብሎ ጠረጴዛሽ ወጣ። የሰፋሻቸው መጻሕፍት «ያረጁ ንብረቶች» ተብለው ቆሻሻ መኪና ላይ ተጫኑ። እኔስ የት ነበርኩ? ፎቶው ላይ ነኝ። ከኬኩ አጠገብ።

ከዚያ ቅጽ መጣ። የክፍል ኃላፊ መምህር ሁሉ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች ስም፣ ክፍልና ምክንያት ሞልቶ እንዲያስገባ። ከእኔ አሥረኛ ክፍል አንዲት ልጅ አለች። ጠዋት ጠዋት ከታክሲ ወርዳ ቀጥታ አትመጣም፤ በጀርባ በኩል ዞራ ነበር የምትገባው፣ ስለዚህ ታረፍዳለች። ለምን ስላት ነገረችኝ። እናቷ ቆሼ ቆሻሻ ትለያለች፤ በዋናው መንገድ ጆንያዋን ተሸክማ ታልፋለች። ልጆቹ ፊት ብትጠራኝስ ብላ ነው የምትዞረው። ለእኔ የነገረችኝ የማዘር ባል ስለሆንኩ ይመስለኛል። እኔም ቅጹ ላይ ጻፍኩት። የአማርኛ መምህር አይደለሁ፣ ዐረፍተ ነገሩን አሳመርኩት።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራው ተሰቅሎ መዝሙሩ እንዳለቀ ዩኒት ሊደሩ ማይኩን ያዘ። «የሚከተሉት ችግር ያለባቸው ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ወደ ማዕከሉ እንድትመጡ» አለና ወረቀቱን ዘረጋ። የፈተና ውጤት እንደሚያነብ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ነበር የሚያነበው። ስም፣ ክፍል፣ ምክንያት። እሷ ጋ ደረሰ። «እናቷ ቆሼ ላይ ቆሻሻ በመለየት የሚተዳደሩ ሲሆን፣ ጓደኞቿ ይህን እንዳያውቁባት በእጅጉ ትሰጋለች።»

ጓደኞቿ በሙሉ ሰልፍ ላይ ነበሩ።

መጀመሪያ አንዱ አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ሰልፉ። ነፋስ ከቆሼ በኩል ሲመጣ መስኮት እንዘጋ የለ? ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ግን ገማኝ፣ ታዱዬ። ማይኩ ገማኝ፣ ሶፋው ገማኝ፣ ከሁሉ ይልቅ የገዛ እጄ ገማኝ።

ዩኒት ሊደሩን ያዝኩት። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? ግልጽነት ነው እኮ» አለኝ፤ ቀጠለና «ደግሞ የጻፉት እርስዎ አይደሉ?» ርዕሰ መምህሩ ጋ ገባሁ። አዘነ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ለሚቀጥለው ምክንያቱን አጠር አድርገው ይጻፉ» አለኝ።

ልጅቷ ከዚያ ቀን በኋላ ቀረች። የእኔ መዝገብ ላይ «ቀሪ» ናት። የማዕከሉ ሪፖርት ላይ ግን «ድጋፍ የተደረገላቸው» ውስጥ ገብታለች፤ ስሟ ተነቧላ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየዋ የላስቲክ ወንበር ጠርጋ «ቁጭ ይበሉ ቲቸር» አለችኝ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ። እናትየዋ «እኛ እዚያ ስንለይ የሰው ስም ያለበት ወረቀት ካገኘን ቀደን ነው የምንጥለው» አለች። «የሰው ስም ነዋ።» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማይበት ጠፍቶኝ ግድግዳውን ሳይ መደርደሪያው ላይ ቀይ ክርሽን አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሙሉ ረድፍ። እናትየዋ ዓይኔን ተከትላ «መኪናው ሲያራግፍ አየሁትና ለእሷ ሰበሰብኩት» አለች። «መጽሐፍ ይጣላል እንዴ፣ ቲቸር?»

ከመካከላቸው አንዱ እስከ ግማሹ ብቻ የተሰፋ ነው። ልትታመሚ ሰሞን ጀምረሽው የነበረው። አወረድኩትና ለልጅቷ «ነይ እስቲ፣ ይቺን ያዥልኝ» አልኳት። ድምፄ ያንቺን አልመሰለም። እናትየዋ ጆንያ የምትሰፋበትን መርፌ ሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ ወጋሁ፤ ሁለቱንም አውራ ጣቴን። ልጅቷ ዞረች። «ኧረ ቲቸር! እንደሱ አይደለም» ብላ መርፌውን ነጠቀችኝ። ስፌትሽ ካቆመበት ቀጠለች። ምንም አልጠየቅኳትም። ስወጣ ብቻ «የማዘር ጠረጴዛ አለ?» አለች። አልነበረም። «ሰኞ ይኖራል» አልኩ።

ከስቶር ጀርባ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ጎትቼ አወጣሁት፤ የተሰበረ አንድ እግሩን በጡብ ደገፍኩት። የክፍሌ መስኮት ሥር አቆምኩት። ታፔላ አልሰቀልኩም። ዩኒት ሊደሩ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የመጽሐፍ ጥገና ነው አልኩት። የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር ፈለገ። የለም አልኩት። «ያለ ዝርዝር እንዴት ይሆናል ጋሼ?» አለ፤ ከልቡ ግራ ገብቶት። ተጸይፌውም አዘንኩለት።

ሰኞ ማንም አልመጣም፤ ማክሰኞም። ብቻዬን ክር እያበላሸሁ ዋልኩ። ረቡዕ ከደወሉ በፊት አንዷ መጣች፤ በዋናው መንገድ፣ ቀጥታ። እናቷ እስከ በሩ ሸኝታት፣ ጆንያዋን አስተካክላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስምሽን እስትንፋሴ እስካለች በየጠዋቱ እጠራዋለሁ፣ ታዱዬ። የእነሱን ግን ለወረቀትም፣ ለማይክም፣ እራት ላይ ላንቺም ቢሆን አልጠራም። ስለዚህ ማን ናት ብለሽ እንዳታኮርፊኝ።

አንዲት ልጅ ናት።