ወደ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አራተኛው ፎቅ ለላኩኝ ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃዎች አገልግሎት ድርጅት ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብ ደህና ነው? ጉልበትዎስ? የጉልበትዎን ነገር ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእርስዎ ሕንፃ የምንኖርና የምንመላለስ ሰዎች ካለፈው ወር ወዲህ ሰላምታችን ሁሉ ስለ ጉልበት ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ ይህን ዓምድ ለዓመታት ላነበቡልኝ ወዳጆቼ አንድ ትንሽ ኀፍረቴን ላጫውት፤ እርስዎም እግረ መንገድዎን ይስሙ። የዛሬ ወር ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ኬክ ይዤ አዲሱ ሊፍትዎ ውስጥ ገባሁ። እህቴ፣ ሕንፃው በሙሉ እቴቴ ነው የሚላት፣ ዘጠነኛ ፎቅ ነው የምትኖረውና ዘጠኝን ተጫንኩ። ተከትሎኝ የገባው የአራተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ አራትን ተጫነ። እሱ «ደህና ዋይ፣ ኬኩን አደራ» ብሎኝ አራተኛ ላይ ወረደ፤ በሩም ተዘጋ። ከበሩ በላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን ዘጠኝ ትላለች ብዬ ሳንጋጥጥ 2304 የሚል ቁጥር አወጣች። ሊፍቱም አምኗት ጉዞውን ቀጠለ። ዘጠነኛን አለፈ፤ የመጨረሻውን ዐሥረኛንም አለፈ፤ ከጣሪያው ሥር ሲደርስ ግጭ ብሎ ቆመና መብራቱ ድርግም አለ።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። ያለቀልኝ መስሎኝ ኃጢአቴን ለፈጣሪዬ ጮክ ብዬ መናዘዝ ጀመርኩ፦ በእጄ የጋገርኩት እያልኩ በየዓመቱ የምመሰገንበት ኬክ ከዳቦ ቤት የሚገዛ መሆኑን፣ በዚሁ ዓምድ ላይ «ሃምሳ ልደፍን ነው» ስል ድፍን አራት ዓመት መክረሜን፣ ሌላም ሌላም። የዐሥረኛ ፎቅ ነዋሪዎች ለካ በሩ ላይ ተሰብስበው በጸጥታ ያዳምጡኛል! የጥገናው ባለሙያ በሩን ፈልቅቆ ሲያወጣኝ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል «እንኳን ተረፍሽ» አልነበረም፤ «ታዲያ አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?» የሚል የአንዲት እናት ጥያቄ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊፍቱ ተዘግቷል። ስለዚህ ክቡርነትዎን ላመሰግን የሚገባኝ ነገር በዝቶብኝ፣ እንዳይምታታብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. ስለ ስፖርቱ አመሰግናለሁ። እህቴ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ትወርዳለች። ወረደች ማለት ለአፍ ይቀላል እንጂ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ዘጠኝ ፎቅ የሚያወርዷትና የሚያወጧት ልብስ ሰፊውና የጥገናው ባለሙያ ናቸው። እሷ በየደረጃው ማረፊያ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለች፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ «ተይ እቴቴ፣ ካንቺ የሙሽራ ቬሎ ይከብዳል!» እያለ ያስቃታል። ባለፈው ማክሰኞ ግን ወንበሩን አስቀምጦ እኔን ወደ ጎን ወሰደኝና፣ «በዓይኔ ለክቻታለሁ፣ ወገቧ ሁለት ጣት ቀንሷል፤ እየቀለለችን ነው፤ አልወደድኩትም» አለኝ። ይህ ሰው ሜትር ባያወጣም ተሳስቶ አያውቅም።

፪. ስለ ዐሥራ አንዱ ደቂቃ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ አንባቢዎቼ እንዳይጠፉብኝ ትንሽ ላብራራ። የሊፍቱ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የፈተሸችው ባለሙያ የእህቴ ልጅ ናት፤ የእርስዎ ሠራተኛ ናትና እኔ ስሟን ባልጠራም ያውቋታል። ሊፍቱን የሚያዝዘው ሣጥን ውስጥ ያለው ፕሮሰሰርና በቢሮአችሁ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ዘራቸው ለየቅል ነው። ክቡርነትዎ ያዘዙት ፍተሻ ቨርቹዋል ማሽን በሚባለው ነው። ልጅቷ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ «አክስቴ፣ ቨርቹዋል ማለት ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍሎ ሌላ ቤት ነው እንደማለት ነው። ከመጋረጃው ወዲያም የምትረግጪው ያንኑ ወለል ነው።» ማለትም የተፈተነው የሊፍቱ ሣጥን ሳይሆን የቢሮአችሁ ኮምፒውተር ራሱ ነበር፤ ደግነቱ በዐሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ።

እሷ የለመነችው ሌላውን፣ ኢሙሌተር የሚባለውን ነበር። እሱ እንደ ጥሩ ተዋናይ ነው፤ የሊፍቱን ቺፕ አረማመድ፣ አነጋገር፣ ጥርስ አነካከሱን ሳይቀር አንድ በአንድ ያስመስላል። በዚህ ምክንያት ይንቀረፈፋል፤ የዐሥራ አንዱ ደቂቃ ሥራ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። «ፍተሻ በሥራ ሰዓት ተጀምሮ በዚያው ቀን በሥራ ሰዓት ያልቃል» የሚል ሰርኩላር ላወጣ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሦስት ቀን ስንፍና ነው። ልጅቷም ኤሊዋ የሚል ስም ወጣላት።

የምርቃቱን ዕለት እንዳልረሳሁት ይወቁልኝ። ሪባኑን ቆርጠው፣ ብቻዎን ገብተው፣ አንዷን ቁልፍ ተጭነው፣ ዐሥረኛ ላይ በፈገግታ ወጡ። ልክ ነበሩ፤ አንድ ሰው አንድ ቁልፍ ሲጫን ሊፍቱ ቅዱስ ነው። ሁለት ሰው ሁለት ፎቅ ከጠየቀ ግን አንደኛው ቁጥር ተራ እስኪደርሰው ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል፤ የቢሮው ፕሮሰሰር ከወዲህ ጫፍ የሚያነበውን የሊፍቱ ቺፕ ከወዲያ ጫፍ ያነበውና ዘጠኝ የነበረው 2304 ይሆናል። ሒሳቡ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ቁጥሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባጭሩ ሊፍትዎ የሚሳሳተው ሌላ ሰው ሲጋራው ብቻ ነው፤ ክቡርነትዎ ደግሞ ተጋርተው አያውቁም።

፫. ስለ ቅጹ ንጽሕና አመሰግናለሁ። የመሥሪያ ቤትዎ የፍተሻ ቅጽ «ተፈትኗል» የሚል ሣጥን አለው፤ ምልክት ያደርጉበታል፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ። ልጅቷ ከሥሩ በእስክሪብቶ አንዲት መስመር አስምራ «በምን ላይ?» ብላ ጻፈችበት። ለዚህች ሁለት ቃል «የመንግሥትን ቅጽ ማበላሸት» በሚል ርዕስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። እኔ በሃያ ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ ሁለት ቃል ጽፌ ይህን ያህል ሰው አስደንግጬ አላውቅም፤ ቀናሁባት።

፬. ስለ ላፕቶፕዎ። ነገሩ ሲጋጋል ስብሰባ ጠርተው፣ ሶፍትዌሩን በራስዎ ላፕቶፕ ላይ አስጭነው፣ «ይኸው ይሠራል አይደል?» ብለው ጭብጨባ ተቀብለዋል አሉ። እኛም በደስታ እንቀበላለን። ላፕቶፕዎን በገመድ አስረው የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ያንጠልጥሉልንና እህቴን እሱ ላይ እናስቀምጣት።

፭. በሕንፃው በር ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያም እጅ ነሥቻለሁ፤ «በአንዲት ጎብኚ የአጠቃቀም ጉድለት ተቋርጦ የነበረው አሳንሰር ሰኞ ጠዋት ሥራ ይጀምራል» ይላል። ጎብኚዋ እኔ ነኝ። ጉድለቴም ዘጠኝን መጫኔ ነው።

የቀረውን በቁጥር አላደርገውም፤ አይሆንልኝም።

ሰኞ ሥራ ይጀምራል የተባለው ያው ሶፍትዌር ነው፤ ከአምፖሉ በስተቀር የተለወጠ ነገር የለም። ፊርማ ግን ያስፈልገዋል። ልጅቷ እንድትፈርም ሁለት ጊዜ ተጠርታለች፤ ሁለቴም እምቢ ብላለች። ይህን ነገር ቆም ብለው ያስቡልኝ። ብትፈርም እናቷ ሰኞ ከወንበሩ ትገላገላለች። በየቀኑ እምቢ ባለች ቁጥር የገዛ እናቷ በሰው ትከሻ ትወርዳለች፤ ያንንም ከደረጃው ሥር ቆማ ታያለች። እኔም፣ አልዋሽም፣ አንድ ቀን ተናድጄ «ፈርሚና እናትሽን አሳርፊያት!» ብያት ነበር። እቴቴ ናት ከአልጋዋ ላይ ሆና አፌን ያስያዘችኝ፦ «ተያት እቴ! እኔ ሁለት ሺህኛ ፎቅ ምን ጉዳይ አለኝ? ጥሪው የደረሰ ቀን ያለ ሊፍት እወጣለሁ።»

ልጅቷም የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አምጥታ እናቷ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠችና መሥሪያ ቤትዎ የነፈጋትን የሦስት ቀን የኢሙሌተር ፍተሻ እዚያ ጀመረችው። እህቴ ከእጥበት ስትመለስ ደክሟት ሶፋው ላይ ጋደም ትልና ስክሪኑን ታያለች፤ የሌለ ሊፍት፣ የሌሉ ሰዎችን ይዞ፣ ቀስ እያለ ፎቅ ለፎቅ ሲወጣና ሲወርድ። እሷን ያወጧት ሁለት ሰዎች ደግሞ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ገና ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ሲያጓራ ጊዜ «ብርድ መታው መሰለኝ» ብላ በፎጣ ሸፍናው ከመቃጠል ለጥቂት ተርፏል። ልጅቷ ፎጣውን ስታነሣ «ኧረ እማዬ!» ያለችው ጩኸት አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል፤ ልብስ ሰፊው መስክሯል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እቴቴ ደወለችልኝ። «ነይ ቶሎ፣ ያ አንቺን የወሰደሽ ቁጥር እኔ ቤት መጥቷል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ተጭኖ፣ አራት ተጭኖ፣ 2304 ቁጭ ብሏል። ልጅቷ ስሕተቱን እዚያው ቁጭ ባለችበት አረመችውና ከሀ ጀምራ ደገመችው፤ ሦስት ቀን ሙሉ። አንድም እንከን አልወጣም። ትናንት ቅጹን ሞልታ ጠረጴዛዎ ላይ አኑራለች፤ በእስክሪብቶ የተጻፈችው መስመርም አልቀረችም፦ በምን ላይ? በሊፍቱ ፕሮሰሰር አምሳያ ላይ። ከሥሩ ፈርማለች።

ይህን መስመር ስጽፍ ጠረጴዛዎ ላይ ሁለት ቅጾች አሉ ማለት ነው። አንደኛው የእሷ ነው። ሁለተኛው፣ ያመጡለትን ሁሉ ስለሚፈርም ባልደረቦቹ «ማኅተሙ» የሚሉት ሠራተኛዎ በእሷ ፋንታ የፈረመበት፣ ንጹሕ፣ ምንም ያልተጫረበት የዐሥራ አንድ ደቂቃ ቅጽ ነው። እሱ ከጸደቀ ልጅቷ «ባለመታዘዝ» እንደምትሰናበት በደብዳቤ ተነግሯታል። ሰኞ ሊፍቱ ውስጥ የሚገባው ሶፍትዌር ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የእቴቴ የእጥበት ቀን ነው።

የቱን እንደሚመርጡ ልነግርዎ ድፍረቱ የለኝም። ትሑት ልመና ብቻ አለኝ፦ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከእህቴ ቀድመው፣ እርስዎ ይሳፈሩልን። ዘጠኝን ይጫኑ። ልብስ ሰፊው ጎንዎ ቆሞ አራትን ይጫናል፤ አራተኛ ላይም እጅ ነሥቶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው በእርስዎና በመረጡት ቅጽ መካከል ነው። እቴቴ ወንበሯ ላይ ሆና ዘጠነኛ ፎቅ በሩ ላይ ትጠብቅዎታለች። በሩ ተከፍቶ ፊትዎን ካየች ወንበሩን ለዘበኛው መቀመጫ እንሰጠዋለን።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ብርቱ ጉልበትና ባለ ሁለት ሰው ሊፍት እየተመኘሁ፣ በደረጃው ብዛት በተንበረከከ አክብሮት፤

የአጠቃቀም ጉድለት ያለባት ጎብኚዎ

ድኅረ ማስታወሻ፦ እኔ ሰኞ ዐሥረኛ ፎቅ በሩ ላይ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ እቆማለሁ። የዚያ በር ስስነት በእኔ ደርሷልና ክቡርነትዎ አስቀድመው ይወቁት፤ ምናልባት ዘጠነኛን አልፈው ጨለማው ውስጥ መናዘዝ ቢጀምሩ፣ ኬኩንም፣ ዕድሜውንም፣ ዐሥራ አንዱንም ደቂቃ አንዲት ቃል ሳላስቀር እዚሁ ገጽ ላይ አትመዋለሁ።