የቶለሳ ሰሌን ስለ ፈጸመው አሻጥር

ጉለሌ፣ ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የመዝገብ ቤቷ አስቻለች፣ ጧት በብርድ እየተንቀጠቀጥሁ ከሰዓት በላብ እየተጠመቅሁ፣ ለሁለቱም የሚሆን ሰላምታ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አቀርብልዎታለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ የምጽፈው ቆሜ ስለ ሆነ፣ ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩ኛ. አዲሱ ሕንፃችን ፊቱን ወደ አስፋልቱ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ አዙሮ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መስተዋት ለብሶ እንዲቆም ስላደረጉልን እናመሰግናለን። በመኪና የሚያልፉ የበላይ አካላት አይተው እንዲደሰቱ ታስቦ መሆኑን እናውቃለን። የጧቷ ፀሐይ ግን በምሥራቅ በኩል አንድም መስኮት ስላላገኘች፣ የደረጃውን ግድግዳ አሙቃ ታልፋለች፤ እኛም በእንጦጦ ብርድ እስከ ረፋድ ጋቢ ለብሰን እንጽፋለን።

፪ኛ. ከሰባት ሰዓት በኋላ ያችው ፀሐይ በመስተዋቱ ትገባለች። መስኮቶቹ እንዳይከፈቱ ተደርገው ስለ ተገጠሙ መውጫ የላትም። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ታይፒስታችን ሙሉእመቤት ባለፈው ሰኞ ሥራዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ለጧቱ ምድጃ፣ ለከሰዓቱ ቬንቲላተር እንዲገዛ ማዘዝዎን ሰምተናል፤ እግዜር ይስጥልን። መብራት የጠፋ ቀንስ ብለን ያልጠየቅነው ውለታ ቢስ እንዳንባል ነው።

፫ኛ. ነገርን ነገር ያነሣዋልና ስለ ግንበኛው ስለ ጓድ ቶለሳ ላንሣ። መሠረቱ ሲቆፈር፣ ቤቱ ጧት ፀሐይ እንዲያገኝ፣ ከሰዓት እንዲከለልለት ዞር ይበል ብሎ ነበር። ለዚህም በውይይት ክበቡ ፊት ግለ ሂስ አድርጎ፣ ፀሐይን ከፕላን ማስበለጡ ስሕተት መሆኑን አምኗል። ሙሉእመቤት የወደቀች ለት ግን አላስቻለውምና ከመስተዋቱ ውጭ ሰሌን ሰቀለ። በማግሥቱ ክፍሉ በረደ፤ ያለ ምድጃ፣ ያለ ቬንቲላተር፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ሠራ። የሰሌኑ ወንጀል መስተዋቱ ላይ የተጻፈውን መፈክር መሸፈኑ ነው። ሰሌኑ ወረደ፤ ቶለሳም በአሻጥር ተከሶ ታግዷል፤ ሐሙስ በስብሰባ ይፈረድበታል። አምስት ልጆች አሉት። ፈርቼለታለሁ፣ ተናድጃለሁም፤ ወደ ሥራው ይመለስልን።

ለሕንፃው ውበት ቆዳዬን፣ ለመፈክሩ ትንፋሼን ያበረከትሁ፣
ከወንበሬ ስነሣ ስቀመጥ የምውለው ታዛዥዎ፣
አስቻለች ገለታ

ማስታወሻ፦ የሐሙሱን ስብሰባ፣ በአዳራሹ ሙቀት ምክንያት፣ ከግቢው ጀርባ ወዳለው አሮጌ የድንጋይ መጋዘን ማዛወርዎን በፊርማዎ ከወጣው ማስታወቂያ አነበብሁ። መልካም መርጠዋል፤ ከሰዓት ከዚያ የሚቀዘቅዝ ቤት በግቢያችን የለም። የገነባው ቶለሳ ነው።