ዘጠና አራት ሴንቲሜትር ስለጎደለው የዓሣ መሰላል

ለተከበሩ የግድቡ አስተዳደር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

«የዓሣ መሰላሉ ሙሉ አገልግሎት በመስጠት ላይ ስለሚገኝ ዓሣን በባልዲ ማጓጓዝ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ዓሣዎች በተዘጋጀላቸው መሰላል ብቻ እንዲገለገሉ እያሳሰብን፣ የተያዙት ሁለት ባልዲዎች የማይመለሱ መሆናቸውን እንገልጻለን።»

ይህ ቃል በቃል የገለበጥኩት ጽሑፍ፣ ክቡርነትዎ በፊርማዎና በክብ ማኅተም አስጊጠው ለታላቅ ወንድሜ የላኩለት ደብዳቤ ነው። ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ዓይንዎን ለይቼ የጠየቅኩት ከቢሮዎ መስኮት እስከ መሰላሉ ያለው ርቀት ስልሳ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው። ከግድቡ በላይ የምንኖረው እኛ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይድረስና፣ ደኅና ነን፤ ዓሣ አጥማጅነታችን ቀርቶ ዓሣ ናፋቂ ከሆንን ሰባት ዓመት ሞላን።

ማሳሰቢያዎን ለሚመለከታቸው አድርሻለሁ። ባለፈው እሑድ ከግድቡ ሥር ወርጄ፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ እዚያ ለነበሩት ጥቂት ዓሣዎች ከነደብዳቤ ቁጥሩ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። በጥሞና የሰሙ መሰለኝ፤ መልስ ግን አልሰጡም። ይህን ከመሥሪያ ቤትዎ ሳይማሩት አይቀሩም።

ትዕግሥትዎ ከፈቀደ አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ መሰላሉ ከፍታ። እኔ ሠላሳ ዓመት በቅየሳ ሙያ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሜትር ሳልይዝ ሰው አልወቅስም። ዓሣ ከገንዳ ገንዳ እየዘለለ ግድቡን ወደ ላይ እንዲሻገር የተሠራው የዚህ መሰላል የታችኛው ደረጃ ከወንዙ ውሃ በላይ ተንጠልጥሏል። በአሥራ አራት ቀናት ለክቼዋለሁ፤ ከነዚህም ዘጠኙ የክረምት ቀናት ናቸው፣ ግድቡ በክረምትም ውሃውን ለራሱ ስለሚያጠራቅም ለውጥ የለውም። አንድ ቀን ዘጠና ሁለት፣ አንድ ቀን ዘጠና ስድስት ሆኖ አግኝቼው አማካዩ ዘጠና አራት ሴንቲሜትር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምተን ነበር፤ መሰላል አለኝ በአየር የሚለውን የጨመሩልን እርስዎ ነዎት። የወንዛችን ዓሣ ሲበዛ ሠላሳ ሴንቲሜትር ይዘላል። ቀሪውን ስልሳ አራት በምን እንዲሞላው እንደታሰበ ከደብዳቤዎ ለመረዳት አልቻልኩም።

፪ኛ፦ ስለ ምረቃው። ወንዙ መሰላሉን የነካው በዕድሜው አንድ ቀን፣ ያውም በተመረቀበት ዕለት ነው። ለእንግዶች ክብር ሲባል ተርባይኖቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለተለቀቁ ወንዙ ሞልቶ ደረጃውን ሳመው፤ በማግሥቱ ወደ ልኩ ተመለሰ። ግንበኞቹን አልወቅስም፤ የሠሩት በተሰጣቸው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሰጣቸው መሥሪያ ቤትዎ ሲሆን፣ ወንዙን የለካው ደግሞ ተርባይኖቹ በሙሉ ሲፈተሹ በዋሉበት ቀን ነው። ከድግስ ሲመለስ ሆዱን ተለክቶ ሱሪ ያሰፋ ሰው፣ ሱሪው ቢወልቅበት ልብስ ሰፊውን አይከስም።

በዚያው ዕለት አርባ ዓሣዎች በበርሜል መጥተው ከመሰላሉ አናት ላይ ተገለበጡ። ቁልቁል ሲወርዱ እንግዶቹ አጨበጨቡ። መሰላሉ የተሠራው ለመውጣት እንደሆነ ማንም አላስታወሰም፤ አጠገቤ የቆመችው የወንድሜ ሚስት ብቻ «ኧረ እናንተዬ፣ እነዚህ እኮ እየወረዱ ነው!» አለች። «ዝም በይ፣ እየተቀረጸ ነው» ተባለች።

፫ኛ፦ ስለ ወንድሜ። እሱ እንደኔ ደብዳቤ መጻፍ አይወድም፤ ባልዲ አነሣ። ባለፈው ክረምት ከግድቡ ሥር ግንቡን በአፍንጫቸው ሲገፉ የሚውሉትን ዓሣዎች በመረብ እያወጣ፣ በሁለት ባልዲ ተሸክሞ አቀበቱን እየወጣ ከግድቡ በላይ ለቀቃቸው። በሁለት ቀን ስልሳ ሦስት አሳለፈ። እንኳን ሊበላቸው፣ አንዷ መንገድ ላይ ብትሞትበት ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ጥበቃዎ ያዘውና «ያለፈቃድ ዓሣ በማጥመድ» ተከሰሰ። ዓሣ እየለቀቀ በማጥመድ የተከሰሰ ሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ለቤተሰባችን ስላጎናጸፉት ክብር እጅ እንነሳለን። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ይህ ይሆን?

አራተኛ ነበረኝ፤ ግን እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ይህ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ከግድቡ በላይ፣ ራሱ በተፈለፈለበት ገባር ወንዝ ብቻ ነው። ዕድሜው ስምንት ዓመት ነው። ግድቡ ከተዘጋ ሰባት ዓመት ሆነው። ግድቡ ሳይዘጋ ወደ ታች የወረዱት፣ መንገዱን የሚያውቁት የመጨረሻዎቹ፣ የሚመጡት በዚህ ክረምት ነው። ከዚያ በኋላ መሰላሉን ከወንዙ ጋር ቢያገናኙትም፣ በወርቅ ቢለብጡትም፣ የሚወጣበት አይኖርም። ስልሳ ሦስት ዓሣ ደግሞ ወንዝ አይሞላም። ወንድሜ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ለአንድ ክረምት ይበቃዋል፣ እሱም ያውቀዋል።

ስለዚህ መሰላሉን አፍርሰው ይሥሩ አልልም፤ ለዚያ ኮሚቴ ያስፈልጋል፣ ኮሚቴ ደግሞ ከዓሣ የረዘመ ዕድሜ አለው። የምጠይቀው ወንድሜ በዚህ ክረምት ዓሣዎቹን ተሸክሞ እንዲያሳልፍ የሚፈቅድ አንድ መስመር ጽሑፍና ሁለቱን ባልዲዎች ነው። መልስዎን በጽሑፍ፣ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ፣ እስከ ሰኔ ፲፪ ቀን ድረስ እጠብቃለሁ። ቀኑን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ዓሣዎቹን ለጉዞ የሚያስነሣቸው የመጀመሪያው ጎርፍ ነው።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት፣ እንደ መሰላልዎ ሁሉ፣ ከመሬት ዘጠና አራት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ይኑር።

ቀያሹ፣ የባለባልዲው ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ሳልረሳው፦ የመሥሪያ ቤትዎ ዓመታዊ ሪፖርት «መሰላሉ አርባ ዓሣዎችን አገልግሏል» ይላል። አርባውን አውቃቸዋለሁ። እንግዶቹ እንደሄዱ የመሰላሉ ውሃ ተዘጋና፣ ከበርሜሉ የፈሰሱት ዓሣዎች በታችኛው ደረጃ ገንዳ ውስጥ ቀሩ፤ ጥበቃዎም በባልዲ ለቅሞ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። እንዴት እንደነበሩ ስጠይቀው «አጥንታቸው በዛ እንጂ ጋሼ፣ ይጣፍጡ ነበር» ብሎኛል። እሱ በማጥመድ አልተከሰሰም፤ ባልዲውም አልተያዘበትም።