ዕረፍት ላይ ባለው ማሳ ውስጥ ስለሞተው ወንድሜ

ጋሼ ሳንጉ፣ ለትልቅ ሰው ልጽፍ ነውና አጠገቤ ቁጭ በል፤ ስድብ ሊያመልጠኝ ሲል እጄን ያዝልኝ።

ለክቡር ናምጉንግ፣ የሶሬ ወረዳ አስተዳዳሪ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ወንድሞችዎ ሁሉ በሕይወት እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፕዮ ሳንጂን እባላለሁ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደገኝን ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼ ሳንጉን፣ በቅርቡ ስለቀበርኩ፣ እርስዎን ለማመስገን ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ።

አንደኛ፣ በአገሩ ሩዝ ተትረፍርፏልና ማሳውን ለሚያሳርፍ ገበሬ ድጎማ ይከፈል የሚለውን መመሪያ በትጋት ስላስፈጸሙ አመሰግናለሁ። ጋሼ ሳንጉ ለትምህርቴ ብሎ ፈረመ። ጎረቤታችን እማማ ሱንሬ ወሬውን ሲሰሙ፣ «ላላበቀለ ይከፈላል? እንዲያ ከሆነ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መንግሥትን ሳከስር ኖሬያለኋ!» ብለው ሳቁ። ከመንደራችን መመሪያው በደንብ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪዎ አቶ ኦክ ስላላቸው የዓይን ጥራት አመሰግናለሁ። ወንድሜ በማሳው ጥግ፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ፣ ሁለት ሰሌን በማያህል ቦታ ላይ ሩዝ ተክሎ ነበር። በመኸር በዓል ለወላጅ መታሰቢያ የሚቀርበው አዲስ ሩዝ ከገበያ ሲገዛ በእኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። አቶ ኦክ ግን፣ «ይሄ ምንድን ነው አንተ?» አሉት። «የእናቴ እራት ነው፣ ጌታዬ» አላቸው። «እናትህ የት ናቸው?» ሲሉት ኮረብታው ላይ ያለውን መቃብር አሳያቸው። «ታዲያ ሙታን እንዲበሉ ነው መንግሥት የሚከፍልህ? በማጭድ ብታጭደው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እስከ ነገ በትራክተር ገልብጠው። አንድ ዛላ ባገኝ የመንደሩን ሁሉ ክፍያ ነው የማስቆመው!»

ወንድሜ ትራክተር ይዞ ገባ። ዝናብ ሲጠጣ የሰነበተው የቦዩ ዳር ትራክተሩን መሸከም አልቻለም፤ ከነወንድሜ ወደ ውኃው ገለበጠው። ሩዙ ግን እንደታዘዘው ተገልብጧል። አቶ ኦክ በማግስቱ መጥተው፣ የወደቀውን ትራክተር ዞር ብለው አልፈው፣ ማሳው ንጹሕ መሆኑን አረጋግጠዋል። ሱሪያቸውን እንኳ ጭቃ አልነካውም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለመሥሪያ ቤትዎ ጸሐፊ ነው። ለገበሬ የሥራ ላይ አደጋ የሚሰጠውን ካሳ ልጠይቅ ስመጣ፣ «ማሳው ዕረፍት ላይ ነው ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ የኔ ልጅ። ዕረፍት ላይ ባለ ማሳ ሥራ የለም። ስለዚህ ወንድምህ ሥራ ላይ አልሞተም» አለችኝ። «ታዲያ ምን ሲያደርግ ሞተ?» ብላት፣ «እኔ እንጃ፤ ሽርሽር ወጥቶ ይሆናላ» አለች። ወንድሜ በሕይወቱ አንድ ቀን ሽርሽር ወጥቶ አያውቅም። ከሞተ በኋላ ስላዘጋጃችሁለት ውለታችሁን እንዴት እንደምመልስ አላውቅም።

ካሳውን ይተዉት፤ ለቢሮዎ መጋረጃ ይግዙበት። የምለምንዎ አንድ መስመር እንዲጽፉልኝ ነው፦ «ፕዮ ሳንጉ በወረዳው ትእዛዝ ሥራ ላይ ሳለ ሞተ» ብለው ይፈርሙበት። ሲለፋ የኖረ ሰው ሥራ ፈት ተብሎ መቃብር ውስጥ መተኛት የለበትም። ለእርስዎ ግን እንዲህ ያለ ስጋት የለብዎትም፤ እርስዎ ሲሞቱ ሥራ ላይ ነበሩ ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም።

በሚረግጡበት ሁሉ መሬቱ እንዳይከዳዎ እየተመኘሁ፣ ግንባሬ ጉልበቴን እስኪነካ አጎንብሼ እጅ እነሣለሁ።

ፕዮ ሳንጂን
እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ታናሽ ወንድም የነበርኩ

ማስታወሻ፦ ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ብቻዬን ባደርኩ ማግስት፣ ጠዋት የትምህርት ቤት ልብሴን ለበስኩ፤ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ማሳው ውስጥ ገባሁና ከዳር እስከ ዳር ገብስ ዘራሁበት። አሁን በቅሏል፤ ከመኪናዎ ሳይወርዱ ከመንገዱ ይታይዎታል። ይገልበጥ ካላችሁ አልከለክልም፤ ነጂውን ግን ከመሥሪያ ቤታችሁ አምጡ።