አማቼን በር ላይ ስጠብቅ

ሰኔ 2
ከቦሬ ወደ ነገሌ ልጄ ቤት ከመጣሁ ሳምንት ሞላኝ። ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው። ኢክራን ሆዷ ገፍቶ ጫማዋን እንኳ ማሰር አቅቷታል። ልጄ ልትወልድ! ያውም በዚህ በኮሮና ጊዜ። ዕድሜ ልኬን አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴትዮ፣ ዛሬ የሕፃን ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ደስ ይላል።
ባሏ ፋዲል ፍየል ጭኖ ሞያሌ ሄዷል፤ ነገ ይገባል። እሱ ሲገባ እኔ ወደ ጓዳ። በእኛ ዘንድ አማትና አማች አይዳፈሩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከ«አካም» ሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። ልጁ ግን ጨዋ ነው።

ሰኔ 3
ጉድ ፈላ። የፋዲል ረዳት ሞያሌ ላይ ተመርምሮ ኮሮና ተገኘበት። አንድ ጋቢና ውስጥ ነው የከረሙት! የጤና ኤክስቴንሽኗ ጉያቱ መጣች። ፋዲል ሁለት ሳምንት ግቢ ውስጥ ባለችው የጎን ክፍል ለብቻው ይቀመጥ፣ ኢክራን አጠገቡ እንዳትደርስ አለች። ልጄ አስም አለባት... ያ በሆዷ ያለውስ?

ሰኔ 5
አሁንስ በዛ! ጠዋት መኪናዬን ልይ ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሱቅ በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ተገኘ። ጉያቱ ብትለምነው «እኔን ምን አመመኝ?» ይላል። ፖሊስ እጠራለሁ ብትለው፣ «ጥሪ!» ኢክራን ስታለቅስ ሁለተኛ አልወጣም ብሎ ይምላል፣ ከዚያ ደግሞ ውልቅ። ሾፌር ነዋ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የት ያውቃል?
ማንን ነው የሚፈራው ይሄ ልጅ?

ሰኔ 6
እኔን!
ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ጠዋት ምስር ልለቅም ወንበሬን ይዤ ግቢ ወጣሁ። ጥላ ያለው በእሱ በር ትይዩ ነው፤ እዚያው ተቀመጥኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በሩ ገርበብ አለ... አየኝ... ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ገርበብ። ተዘጋ! በፊቴ ማለፍ አፍሮ ሳይወጣ ዋለ።
እንደ እናቷ አዴ የምትለኝ ጉያቱ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «በቃ አዴ፣ ከዚህች ወንበር እንዳይነሱ!»
ሽንት ቤት ሲፈልግ በሩን ከውስጥ ያንኳኳል። ፊቴን አዞርለታለሁ።

ሰኔ 10
ማውራት ጀመርን። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ እሱ ከበሩ ኋላ ሆኖ። «አዴ፣ አንቱ ቦሬ ላይ ስንት ዓመት አስተማሩ?» አለ። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ያስቁመኝ! እሱም ፊልቱ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ከፍየሎቹ ጋር ስለማደሩ አወራኝ። አንዷ ፍየል ጋቢውን በልታበታለች። ለካ ጨዋታ አዋቂ ነው። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።
«ሕመሙን አትፈራም?» አልኩት።
«ለእሷ እፈራለሁ። ትንፋሽ ሲያጥራት አይቻታለሁ።»
«ታዲያ ለምን ትወጣ ነበር?»
«ቁጭ ስል ነዋ ፍርሃቱ የሚመጣው።»
የኔ ልጅ... እኔ እኮ የማይገደው መስሎኝ ስረግመው ከረምኩ።

ሰኔ 15
ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ኢክራንን ምጥ ጀመራት። ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ፋዲል ጩኸቷን ሲሰማ በሩን በርግዶ በባዶ እግሩ ወጣ። ማፈር የለ፣ ምን የለ። ኢክራንም እጇን ዘረጋችለት።
መሃል ገብቼ ቆምኩ። «ፋዲል!» አልኩት። አማት የአማቿን ስም አትጠራም፤ እኔ ጠራሁት። ቀጥ አለ።
«ልጄን የሰጠሁህ እንድትጠብቃት ነው። ዛሬ የምትጠብቃት እዚህ ቀርተህ ነው። እኔ አለሁ፤ እጇን እይዝልሃለሁ።»
አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ተመልሶ ገባና በሩን ራሱ ዘጋው።
ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ከጤና ጣቢያ ስንመለስ ሕፃኗን ግቢው መሃል ቆሜ ከሩቅ አሳየሁት። መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ሰኔ 18
አበቃ። ኢክራንም ሕፃኗም ምንም አልነካቸውም። ፋዲል ልጁን ሲያቅፍ እንዳትሰበርበት ፈርቶ እንደ እንቁላል ያዛት። ያን ሁሉ ፍየል የሚሸከም ሰውዬ!
ጉያቱ ለብቻው አልቀመጥ ያለ አማች ላለበት ቤት ሁሉ አማት እየፈለግኩ ነው አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሁለት ቤት በር ላይ አማት አስቀምጣለች።
ማታ ሳሎን ስገባ ፋዲል ብድግ ብሎ ወጣ። አንገቱን ደፍቶ። ደንቡ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ታዲያ ምን ሆድ አስባሰኝ?

ሐምሌ 6
ፋዲል ፊልቱ ሄዷል። ዛሬ ስልኬ ጠራ፤ እሱ ነው። ኢክራንን ፈልጎ መስሎኝ «ቆይ ላቅርብልህ» አልኩት።
«አይ አዴ፣ ከእሷ ጋርማ ጠዋት አውርተናል። ጎርፍ መንገዱን ዘግቶት ቆመናል... ከአንቱ ጋር ልጫወት ብዬ ነው።»
ኢክራን ልጇን እንዳቀፈች «እማ፣ የማን ስልክ ነው?» አለችኝ።
«የኔ ነው! አንቺ ልጅሽን አጥቢ» አልኳት።