ለእማዬ፦ ጫልቱን ስለወሰደችው ሴት

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል፤ ሐውልትሽም ቆሟል። ይህን ሁሉ መቃብርሽ ድረስ እየመጣሁ ነግሬሻለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ፊትሽ ቆሜ ልነግርሽ ያቃተኝን ነው። ሦስት ጊዜ ልነግርሽ መጥቼ፣ ሦስቴም ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት አውርቼሽ ተመለስኩ።

ቤታችን እንዳለ ነው። የስፌት ማሽኔን ገበያው ዳር ከነበረው ሱቅ አምጥቼ አልጋሽ ከነበረበት መስኮት ሥር አድርጌዋለሁ። የሱቁ ባለቤት ቤቱን ለባጃጅ መጠገኛ ስለፈለገው ነው። ኮካችን ዘንድሮ አላፈራም። ትልቁ ድስትሽ ግን እስከ ዛሬ ሥራ አልፈታም፤ አሁንም ወደ መጋዘኑ ይመላለሳል።

ያን ቀን ትዝ ይልሻል? ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ከአሮጌው የእህል መጋዘን ጥግ ሥር አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን በፌስታል ሸፍና ከዝናብ ስታስጠልል አየሽ። ቤት ስትገቢ ነጠላሽን እንኳ ሳታወልቂ ባቄላ ጣድሽ። እኔ ደግሞ ክፉ ነበርኩና «እኛስ ምን ልንበላ ነው?» አልኩሽ። አንቺም ቀና ሳትይ «ማገዶ አምጪ» አልሽኝ። በሳምንቱ የመጋዘኑን ባለቤት ለምነሽ በሩን አስከፈትሽላቸው። በወሩ ስድስት ቤተሰብ ሆኑ። ከካቺሲ ወዲያ ካለ ገጠር በሁከቱ ተነቅለው የመጡ ነበሩ፤ ላማቸውንም፣ እርሻቸውንም፣ አንዳንዶቹ ባላቸውንም ጥለው። አንቺ ኦሮምኛውን ከእነሱ እኩል ትናገሪ ስለነበር «አዴ ዘነበች» እያሉ እንደ ዘመድ ያዩሽ ነበር።

አንድ ልማድ ነበረሽ። የሚሰጥ ሰው ሲመጣ እህሉን ከመቀበልሽ በፊት ታስቀምጪውና ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር ትጠይቂዋለሽ። እኔ አፍር ነበር። «ሰው ሊሰጥ መጥቶ ይመረመራል እንዴ?» ስልሽ «የሚሰጥ ሰው ቤቱን ያሳያል» ትይኝ ነበር። ያንቺ ወግ መስሎኝ ነበር። የሞትሽ ጊዜ ድስትሽን ወረስኩ፤ ይህን ግን አልወረስኩም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከእድሩ ሊቀ መንበር ከእትዬ አስካለና ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሆነን ማክሰኞና አርብ ማብሰሉን ቀጠልን። ስድስቱ ቤተሰብ አሥራ አንድ ሆነ። ሁሉ ነገር ተወደደ። ከየቤቱ የሚመጣው እህል አነሰ፤ ሾርባው እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ልጆቹ ጎድጓዳ ሳህኑን አንስተው ሲጠጡት ውሃ የሚጠጡ ይመስሉ ነበር። ሴትዮዋ የመጣችው ያኔ ነው።

በኅዳር ነበር፣ ጠዋት። ነጭ መኪና መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ድምፅዋ የለሰለሰ፣ ሰላምታዋ የማያልቅ ሴት ወረደች። ሰብለ እባላለሁ አለችን። «አዲስ አበባ ያለን ጥቂት እህቶች ነን፤ ለነፍሳችን ብለን ነው» አለች። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ ብርድ ልብስ። እማዬ፣ ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እግዜር ላከልን ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የት እንደምትኖር አልጠየቅኋትም።

አሁን ሳስበው ያላየሁት ነገር አልነበረም። ያየሁትን አልቆጠርኩትም እንጂ። አንድም ቀን ከእኛ ጋር ውሃ አልጠጣችም። ሾፌሩ ከመኪናው አይወርድም፤ ሞተሩንም አያጠፋም። ደብተር ይዛ፣ በስልኳ ፎቶ እያነሳች በየቤተሰቡ ስትዞር ዕድሜ የምትጠይቀው የሴቶቹን ልጆች ብቻ ነበር። «ይህቺስ ስንት ዓመቷ ነው? አባት አላት? ከተማ ዘመድ አላት? ብትሄድ የሚጠይቃት ሰው አለ?» ትል ነበር። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ አስተረጉምላት ነበር። በአዘኔታ የምትጠይቅ መስሎኝ፣ የእያንዳንዷን ልጅ ብቸኝነት በገዛ አፌ ነገርኳት።

ጫልቱን አንቺ አላወቅሻትም። የመጣችው ከሞትሽ በኋላ ነው፤ ከእናቷ ከበዳቱ ጋር። አባቷ በዚያ በሁከቱ ዓመት ወጥቶ አልተመለሰም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ። አማርኛዋ «እሺ» እና «ውሃ» ብቻ ነበር። ሥራ ስጨርስ ስትመጣ ቁልፍ መትከል አስተማርኳት፤ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ልክ እንዳንቺ ነበረች።

በጥር መጀመሪያ ሴትዮዋ ስለ ጫልቱ አነሳች። «ጧሪ የሌላቸው ባልና ሚስት አውቃለሁ፤ ደጎች ናቸው። ቀን ትረዳቸዋለች፣ ማታ ትማራለች» አለች። በዳቱ እምቢ አለች። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ብቻ በሚቀጥለው ሳምንት ዱቄቱን ሳታመጣ ቀረች። በዳቱ እኔ ዘንድ መጣች። ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «አንቺ ከተማ ታውቂያለሽ፤ እናትሽም አትዋሽም ነበር ይላሉ። ምን ትይኛለሽ?» አለችኝ በኦሮምኛ።

«ከዚህ ብርድ ይሻላታል» አልኳት።

እማዬ፣ ፊትሽ ቆሜ ልናገረው ያቃተኝ ይህ ነው። ያሳመንኳት እኔ ነኝ። ባንቺ ስም ታምኜ ነው ያሳመንኳት።

ለመንገዷ ቀሚስ ሰፋሁላት። ሰማያዊ ነው፣ ቢጫ አበባ ያለው። ጨርቁ ስላነሰኝ የአንገቱን ውስጥ ከአረንጓዴው የቤት ቀሚስሽ ጫፍ ቆርጬ ሞላሁት። ከወገቡ በስተግራ በውስጥ በኩል ትንሽ ኪስ አበጀሁና ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ከተትኩበት። ሄደች። በመኪናው መስኮት እጇን አወጣች፤ ስቃ አፏን ስትሸፍን አየኋት። ዱቄቱ በማግስቱ መጣ።

አልደወለችም። ሴትዮዋን ስንጠይቃት «ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ ስልክ ገና አልገዛንላትም» ትላለች። አንድ ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ልባሽ ልብስ ይዛ መጣች። ሴቶቹ መሬት ላይ ዘርግፈው መለየት ጀመሩ። እኔም እጄን ሰደድኩ። አሁንም እጄ ያውቀዋል። ሰማያዊ፣ ቢጫ አበባ ያለው። አንገቱን ገለበጥኩት፤ አረንጓዴሽ እዚያው ነው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በሥርዓት ታጥፏል። የወገቡን ኪስ ፈለግሁ። በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ቦታው ቀዳዳ ነው።

ቀና ስል ሴትዮዋ እያየችኝ ነበር። ፈገግ አለች። «ቅዳሜ ደግሞ ለሊሴን እወስዳታለሁ» አለች በዚያ በለስላሳ ድምፅዋ።

ቀሚሱን ነጠላዬ ሥር ደብቄ ወጣሁ። ለሊሴ የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ዘንድ ሄጄ ቀሚሱን አሳየሁት። አገላብጦ አየውና መለሰልኝ። «ልብስ ነው፤ ልብስ አይናገርም። አዲስ ገዝተውላት አሮጌውን ሰጥተው ይሆናል» አለኝ። ኪሱን አሳየሁት። ጣቱን በቀዳዳው አሾለከ። ከዚያ «ባስቀራት ምን አበላታለሁ?» አለኝ። ቀሚሱን አጣጥፌ ወጣሁ።

በዳቱ ቀሚሱን ስሰጣት አልጮኸችም። ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው፤ ደጋግማ አሸተተችው፤ ከዚያ «የእሷ ጠረን የለውም» ብላ ጭኗ ላይ አጠፈችው። ለእትዬ አስካለ ስነግራት፣ ያ የምታውቂው ቁጣዋ መጣና «ቅዳሜ እድርተኛው በሙሉ እዚያ ይሆናል» አለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መኪናው ሲመጣ ሃያ የምንሆን ሴቶች በሩ ላይ ተቀምጠን ነበር። ለሊሴ ፌስታሏን ይዛ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እትዬ አስካለ ተነስታ ከመኪናው ፊት ቆመች። «ጫልቱን አገናኚን፤ ከዚያ ትሄጃለሽ» አለቻት። ሴትዮዋ አልደነገጠችም። «የኔ እናት፣ ምን ገዶኝ» ብላ ስልኳን አወጣችና ደወለች። አንዲት ልጅ አነሳች። ሴትዮዋ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ለበዳቱ ያዘችላት።

«ሄሎ እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ በጣም ተመችቶኛል፣ አታስቢ» አለች ልጅቷ። ጥርት ባለ፣ አንድም ቦታ በማይሰበር አማርኛ።

በዳቱ አማርኛው አልገባትም። በኦሮምኛ በስሟ ጠራቻት። ከወዲያ በኩል ዝምታ ሆነ። እንደገና ጠራቻት። አንድ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል፤ ከዚያ ተዘጋ። በዳቱ ወደ እኔ ዞራ «ቱን ኢንተለ ኮ ሚቲ» አለች፤ ይህቺ ልጄ አይደለችም። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማት።

የመኪናውን በር የከፈተው ኦቦ ቶሎሳ ነው። የልጁን እጅ ይዞ ሳይናገር አወረዳት። ሴትዮዋ ገባች፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ነድቶ፣ ያወረዱትን የዱቄት ከረጢት ረግጦ ወጣ። ታርጋውን ለማየት ሮጥኩ። በጭቃ ተለስኗል። በዚያ ደረቅ የካቲት፣ አቧራ እንጂ ጭቃ በሌለበት።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የተቀበለን ወጣት ፖሊስ በትህትና ጻፈ። የሴትዮዋ አባት ስም? አላውቅም። ቤቷ? አላውቅም። ስልክ ቁጥሯን ሰጠሁት፤ ሲደውል ጥሪ አይቀበልም። ፎቶዋስ? እማዬ፣ እሷ የእያንዳንዳችንን ልጅ ፎቶ አንስታለች፤ እኛ ግን የእሷን አንድ እንኳ አላነሳንም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ያን ጊዜ አንቺ የምትጠይቂያቸው ጥያቄዎች ምን እንደነበሩ ገባኝ።

ክረምቱ ከፋ። ዱቄቱ ቀረ፤ ሦስት ቤተሰብ ወደ ጉደር ሄዱ። ሁለት እናቶች እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም፤ እንጀራችንን አባረረች ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በሐምሌ ልጆቻቸው ጎመን ብቻ በልተው ያደሩበት ጊዜ አለ። ለሊሴ ግን በየቀኑ እየመጣች ማሽኑን ትዘውራለች። ሰፈሩም አልተወንም፤ እትዬ አስካለ በየቤቱ እየዞረች አንድ አንድ ጣሳ እህል ትሰበስባለች፤ አንድ አስተማሪም በየወሩ ባቄላ ያመጣል። መጀመሪያ የመጣ ቀን አስቀምጬ ጠየቅሁት። አልተቀየመኝም፤ ቤቱ ወስዶ ከሚስቱ ጋር አስተዋወቀኝ።

ይህ አበቃ ብዬ ልጨርስልሽ በወደድኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ነጋዴ ከጌዶ ልብስ ልታሰፋ መጣች። ስለካት፣ በእነሱ ዘንድ አንዲት ደግ ሴት እንደመጣች፣ ለድሆች ዱቄት እንደምታድል፣ ድምፅዋ እንዴት እንደሚጥም ታወራኛለች። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። በማግስቱ ከእትዬ አስካለና ከበዳቱ ጋር በሚኒባስ ሄድን። ቤተሰቦቹ ያሉበትን ስፍራ አገኘነው። አዲስ ብርድ ልብስ አላቸው። አንዲት እናት በደስታ ተቀበለችን፤ ልጇ ትናንት ጠዋት እንደሄደች፣ ከጓደኛዋ ጋር እንደሄደች፣ ማታ ማታ እንደምትማር ነገረችን። በዳቱ አጠገቧ ቁጭ አለችና እጇን ያዘች። የቀረውን እሷ ነገረቻት። እኔ ውጭ ቆምኩ፤ የጩኸቱን ድምፅ ግን ሰማሁት።

አሁን የሁለቱን ከተማ ክስ አንድ ላይ አድርገነዋል። መርማሪው እየተከታተልን ነው ይላል። እኔ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። በመንገዱ ነጭ መኪና ዝግ ብሎ ባለፈ ቁጥር እግሬ ይቆማል።

እማዬ፣ አንቺን አልረሳም፤ ድስትሽ ሥራ እስካልፈታ ድረስ ስምሽም ከመጋዘኑ አይጠፋም። ስለ ጫልቱም ቃል ገባሁልሽ፤ እስክትገኝ ድረስ አፈላልጋታለሁ፤ እናቷ ብትደክም እንኳ እኔ አልደክምም። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። በሕልሜ ትመጪያለሽ። መጥተሽ በሩ ላይ ትቆሚያለሽ፤ እኔ ደግሞ አንቺን ከማየቴ በፊት ከኋላሽ ጫልቱ መኖር አለመኖሯን አያለሁ። እስከ ዛሬ ብቻሽን ነሽ። ስነቃ ለዚያ ነው የማመሰግነው።

ስትመጪ ብቻሽን ነይ፣ እማዬ። አደራሽን፣ ብቻሽን ነይ።

ልጅሽ