ሁለት ጊዜ እምቢ ላልሽው

ውድ ባለቤቴ አስካለ ሆይ፤

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ከየካ ሚካኤል በታች ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ ብቻ አስቀይሬዋለሁ። ልጃችን ጽጌ ማስተማር ጀምራለች። ደብተር ስታርም እንደ አንቺ ናት፤ ለማንም አታዝንም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ተቆጥቼ ነው። ባለፈው እሑድ አንድ ዘመዳችን ስለ አንቺ፣ «ምስኪን፣ ሁለት ጊዜ በጨረር ተቃጥላ በከንቱ ሞተች» ሲል ሰማሁት።

የጡትሽ ነቀርሳ ወደ አንጎልሽ በወጣ ጊዜ የመጀመሪያው ጨረር ጠጉርሽን አራገፈው። ጎረቤቶቻችን ራስሽን ቢያዩ በሐዘን የተላጨሽ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ማን እንደሞተብሽ ሲጠይቁሽ፣ «የሞተው ጠጉሬ ነው፤ ተቀመጡና ምሳ ብሉ» አልሻቸው። ሊያለቅሱ መጥተው እየሳቁ ሄዱ።

ጠጉርሽ ገና ጣት ሲያክል ራስ ምታቱ ተመለሰ፤ ዓይንሽም ደበዘዘ። ሐኪሙ ጨረሩን መድገም እንደሚቻል ነገረን። ጠጉርሽ ዳግመኛ ላይበቅል፣ የማስታወስ ኃይልሽም ሊዳከም እንደሚችል፣ የሚገኘውም ዕድሜ ጥቂት ወራት መሆኑን አልሸሸገንም። ጽጌ ኮተቤ የመምህርነት ትምህርቷን ልትጨርስ አራት ወር ቀርቷት ነበር። እኔ ፈራሁ። ይብቃሽ፣ እንጦጦ ወጥተን ጸበሉን ተጠምቀሽ የመጣውን እንቀበል ብዬ ለመንሁሽ። መልስሽ ዛሬም በጆሮዬ አለ፦

«ጸበሉንም እጠመቃለሁ፤ ጨረሩንም እደግመዋለሁ። አንተ ከፈራህ ጋቢህን ተከናንበህ ውጭ ጠብቀኝ።»

ጋቢዬን ተከናንቤ ውጭ ጠበቅሁሽ።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖርሽ። የጎረቤቶቻችን ስም እየጠፋሽ ታፍሪ ነበር፤ የድርሰቴን ረቂቅ ሳነብልሽ ግን የትኛው ገጽ እንደተንዛዛ አልተሰወረሽም። እኔ የምመካበትን አንዱን ምዕራፍ በሙሉ አስጣልሽኝ፤ መጽሐፉም ያለ እርሱ ታተመ። ጽጌ የምስክር ወረቀቷን ይዛ በመጣች ቀን ወደ መስኮቱ አስጠግተሽ በገዛ ዓይንሽ አነበብሽው፤ ስሟም ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ ብዙ ቆየሽ። ከንቱ የሚሉት ይህንን ነው።

በሞትሽ ዕለት ሴቶቹ ዘመዶቻችን እንደ ልማዱ የጽጌን ራስ ሊላጩ ምላጭ ይዘው መጡ። በሩ ላይ ቆሜ፣ በዚህ ቤት የረገፈው ጠጉር ይበቃል አልኋቸው። ሐዘን አሳበደው አሉ። እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው፤ ይቀዝቅዝ። ልጅሽ በአንቺ ሚዶ አበጥራ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ ተማሪዎቿ ፊት ትቆማለች።

ለዚያ ዘመዳችንም መለስሁለት፤ «ሁለት ጊዜ ተቃጥላ አይደለም የሞተችው፤ ሁለት ጊዜ ሞትን እምቢ ብላ ኖረች» አልሁት።

አስካለ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የቀረኝን አላውቅም። እስትንፋሴ እስካለች ግን ስምሽ እንደ ምስኪን ስም ሲነሣ ሰምቼ አላልፍም። ከእንግዲህ ጋቢዬን ተከናንቤ ውጭ አልጠብቅም።

ባልሽ